የጋሽ ጀውሀር ውሃ

ለታላቅ ወንድሜ ለሳቢር፣ ባለህበት ሰላምና ጤና ይድረስህ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምክ፣ ወንድምዓለም? ክረምቱ እንዴት አለፈ? ብርድ ሲነካኝ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ብለኸኝ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ተወህ ወይስ ዛሬም አብሮህ ይውላል? እማስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት? ባለቤትህ አሚናስ? ልጆቹስ? ትንሹ ጥርስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሳችሁ? ወፍጮውስ ደህና ነው? እሱ ሲታመም አንተም አብረህ ስለምትታመም ሳልጠይቅ አላልፍም።

እኔ አልሀምዱሊላህ ጤናዬ ሙሉ ነው። ናፍቆታችሁ አለቀቀኝም፤ ግን እየናፈቅኳችሁም ወፍሬአለሁ። ይህን ይዛ የምትመጣው ልጅ ፎቶዬን ስታሳያችሁ እማ ደስ ይላታል፣ አንተ ደግሞ ትስቅብኛለህ። ቤቴ አሁንም እዚሁ ዶሃ፣ አል ቱማማ ነው፤ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ተዳብለን እንኖራለን። በር ስከፍት ፊቴን ይገርፈኝ የነበረው ወላፈን ሰሞኑን ትንሽ መለስ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ኮከብ ናት። አል ዱሃይል ሰው ቤት ተቀጥሬ በነበርኩበት ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቤት ትሠራ የነበረች የደሴ ልጅ መሆኗን ነግሬህ ነበር። ማዳሟ ለመስቀል ፈቃድ ሰጥታት ወደ አገር ስትገባ እናንተም ጋ ብቅ እላለሁ አለችኝ። እባክህ በባዶ ሆዷ አትሸኟት።

ስልክ እያለ ምን አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። በስልክ የተነገረ ነገር ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ባለፈው በላክህልኝ ድምፅ ራስህ ነግረኸኛል። ጋሽ ጀውሀር የድርጅቱን ማሽን አቃጥለው ታስረዋል ተብሎ አገሩ ሁሉ እያወራ ነው፣ ትልቋን ልጃቸውን ሊጠይቁ ቀን ቆርጠው የነበሩት ሽማግሌዎች ቀርተዋል፣ ሚስታቸው እትዬ ዘይነባም ከቤት መውጣት ትተዋል አልከኝ። ያን ስሰማ ደሜ ፈላ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ወንድምዓለም፤ ሁሉም ነገር በዓይኔ ፊት ነው የሆነው። ስለዚህ ማንም ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንዳያወራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፌልሃለሁ።

ጋሽ ጀውሀርን አንተ የምታውቃቸው ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ነው። እኔ እዚህ ሥራ ስገባ በሩ ላይ ያገኘኋቸው ጥበቃ እሳቸው ነበሩ። አማርኛዬን ሰሙና የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። የአባታችንን ስም ስጠራላቸው የባለወፍጮው እህት ነሻ ብለው ሳቁ፤ ለካስ ከመሄዳቸው በፊት ለስንቅ የሚሆን እህል አንተ ጋ አስፈጭተው ነበር። ያን ቀን ግማሽ ምሳቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብታመም የሚጠይቁኝ፣ ሳጠፋ የሚቆጡኝ፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ሲል ከኔ ቀድመው የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው። በአጭሩ እዚህ አገር አባት አለኝ።

አሁን ሥራችን ምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ይህን ካላወቅህ የቀረው አይገባህም። አሚና ‹ሩሚያ ፍሪጅ ትጠብቃለች› ብላለች አሉ። አልተቀየምኳትም በላት፤ ከእውነቱም ሩቅ አይደለችም። የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ባንክ ገንዘብ ሲያዛውር፣ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ፣ ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኛ ደሞዝ ሲያሰሉ፣ ሥራውን የሚሠሩት እኛ አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩ ሰርቨር የሚባሉ ማሽኖች ናቸው። ሰው በሚያህሉ የብረት ካቢኔቶች ውስጥ ተደራርበው ሌት ተቀን ያጉረመርማሉ። የሚሠራ ነገር ደግሞ ይግላል። ይህን ላንተ ማስረዳት የለብኝም፤ በገበያ ቀን የወፍጮህን ሞተር በእጅህ ነክተህ የምትጮኸው አንተው ነህ።

ማሽኖቹ እንዳይቃጠሉ ቀዝቃዛ አየር ከወለሉ ስር ይገፋና ወንፊት በመሰሉ የብረት ክዳኖች በኩል ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ መብራቱ አንድ ጊዜ ማሽኑን ለማሠራት፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ማሽን ለማብረድ ይበላል። የዚህ አገር መብራት የሚመጣው ደግሞ ጋዝ ተቃጥሎ ነው። ጋዙ በተቃጠለ ቁጥር አየሩ ይግላል፤ አየሩ ሲግል ማቀዝቀዣው ይበልጥ ይሠራል፤ ይበልጥ ሲሠራ ይበልጥ ጋዝ ይቃጠላል። ሙዲሮቹ፣ አለቆቻችን ማለቴ ነው፣ ይህን ነገር እንዲያስተካክሉ ደንበኞቻቸው ራሳቸው እየጠየቁ አስቸገሯቸው፤ ዛሬ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሥራችን በስንት መብራት እንደሚሠራ ንገሩን ይላሉ።

የሚገርምህ፣ አዳራሹ ያለ ልክ ይቀዘቅዝ ነበር። ውጭ የአስፋልቱ ሙቀት ጫማ እያቀለጠ እኛ ውስጥ ጃኬት ደርበን፣ ሹራብ ለብሰን፣ እጃችንን በአፋችን እያሞቅን ነበር የምንሠራው። ቅዝቃዜው በበዛ ቁጥር ማሽኖቹ ደህና ይሆናሉ ተብሎ ይታመን ነበር፤ አለቆቹም ቀንሱት ብለው ኋላ ተጠያቂ መሆን አልፈለጉም። አምና አዲስ ኢንጂነር መጣ። ቢጁ ይባላል፣ ሕንዳዊ ነው፣ የኬረላ ሰው። አዳራሹን ዞሮ አየና፣ ይህን ብርድ የሚፈልጉት ማሽኖቹ አይደሉም፣ ፍርሃታችን ነው አለ። ሳቅንበት። ሰውየው ግን ቀልዱን አልነበረም።

እኔ እስከዚያ ድረስ ጽዳት ነበርኩ። ቢጁ አዳራሹን በደንብ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ከሩሚያ የተሻለ አላገኘሁም ብሎ ወደሱ ቡድን አዛወረኝ። ሥራችንን ከቀላሉ ጀመርን። ካቢኔቶቹ ውስጥ ማሽን የሌለበት ባዶ ቦታ ሁሉ ቀዝቃዛውን አየር ስለሚያሾልክ በክዳን ደፈንነው። ከዚያ እያንዳንዱ ማሽን ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ ጀመርን። ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ባለቤታቸው ረስቷቸው፣ ለማንም ምንም ሳይሠሩ ዓመት ሙሉ መብራት ሲበሉ የኖሩ ማሽኖች! አንተ ወፍጮውን ባዶውን እያስዞርክ ከሰው ጋር ወሬ ስትይዝ ማለት ነው። እነሱን አጠፋን። ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውሃ ደግሞ በቧንቧ ሰብስበን በበሩ አጠገብ ለተተከሉት የተምር ዛፎች ለቀቅነው። ይህንን ሁሉ አድርገን ስናበቃ ቢጁ የአዳራሹን ሙቀት በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረገው። ጃኬቴን ያወለቅሁበትን ቀን አልረሳውም፤ ጋሽ ጀውሀር በሩ ላይ ሆነው ‹ዛሬስ ሰው መሰልሽ› አሉኝ።

ሙዲሩ ግን ፈቃዱን የሰጠው በፍርሃት ነበር። በጋውን እንየው አለ፤ እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን እዚህ በጋ ነው። የዚህን አገር በጋ ካለፈ ለሌሎቹም አዳራሾች ይሁን፤ ማሽን በሙቀት ካስቸገረ ግን ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ድሮው እንመለሳለን፣ ቢጁም ሻንጣውን ያሰናዳ አለ። ቢጁ እሺ ብሎ ፈረመ። አገሩ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆች አሉት፤ እኔ ብሆን አልፈርምም ነበር።

ሰኔ በሰላም አለፈ። ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ ጣሪያ በነካበት ሰሞን፣ በአዳራሹ ጥግ ያለው አንድ ረድፍ መጋል ጀመረ። ጠዋት ስዞር ደህና ነው። ከቀትር በኋላ ግን እዚያ ረድፍ ላይ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ቢጁ ከወለሉ ስር ገብቶ ቧንቧውን ፈተሸ፣ የአየሩን መግፊያ ቀየረ፣ መቆጣጠሪያውን ደጋግሞ አየ። ምንም የለም። እሱ መሣሪያውን ይዞ ሲደርስ ረድፉ ራሱ በርዶ ይጠብቀዋል። ጂን ነው ያሉም ነበሩ፤ ቢጁ እንኳን ሊያምን ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ሙዲሩ ትዕግሥቱ አለቀ። የከሰዓቱ ስብሰባ የመጨረሻው ነው፣ ከነገ ጀምሮ አዳራሹ እንደ ድሮው ይቀዘቅዛል፣ ቢጁም ሥራውን ያስረክባል ተባለ።

በምሳ ሰዓት ጋሽ ጀውሀር ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ለቢጁም ነው ለራሴም ነው ያለቀስኩት፤ ያን ያህል ለፍተን ጃኬቱን መልሰን ልንለብስ ነው ብዬ። እሳቸው አይዞሽ እያሉ ሲያጽናኑኝ፣ ያቺ የጥግ ረድፍ ከቀትር በኋላ እየጋለች ገደለችን አልኳቸው። የትኛዋ ጥግ ብለው ጠየቁኝ። በስተምሥራቅ በኩል ያለችው አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ግን ምክንያቱ አልገባኝም። ተነስተው ዉዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ፣ ዱዓቸውንም አስረዘሙት። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገቡ።

ስብሰባው ላይ ቢጁ ቆሞ ምክንያቱን አላወቅሁትም፣ ኃላፊነቱ ግን የኔ ነው እያለ ነበር። በሩ ተከፈተና ጋሽ ጀውሀር ገቡ። ትከሻቸው ላይ አንድ የታሸገ የውሃ ካርቶን ተሸክመዋል፤ ታቹ ከቅዝቃዜው የተነሳ ረጥቦ ይንጠባጠባል። በዚያ በሚያብረቀርቀው የሙዲር ጠረጴዛ ላይ ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። ሁላችንም ደንግጠን ቀረን፤ አዳራሹ ውስጥ እንኳን ካርቶን አንድ ብርጭቆ ውሃ ማስገባት ክልክል ነው። እሳቸውም በዚያ የመስጊድና የሥራ ቦታ አረብኛቸው፣ ‹ሙዲር፣ ሙቀቱን ያመጣው ይህ ነው። ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ኢንጂነሩን ተወው› አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢያችን አጥር ውጭ የመንገድና የቧንቧ ቁፋሮ አለ። የቀን ሠራተኞቹ ኔፓሎች፣ ባንግላዴሾች፣ የኛም አገር ልጆች ናቸው። በበጋ ቀትር ላይ በሕግ ሥራ ያቆማሉ፤ ያኔ የኛን አጥር ጥላ ተጠግተው ይጋደማሉ። ይዘውት የሚመጡት ውሃ ፀሐይ ላይ ውሎ ሻይ ሊፈላበት ይደርሳል። ጋሽ ጀውሀር ይህን ማየት አልቻሉም። በጎ አድራጊዎች መስጊድ በር ላይ የሚያስቀምጡትን የውሃ ካርቶን ለምነው እያመጡ፣ ረፋዱ ላይ ለጥበቃ ዙር ሲገቡ በዚያች ጥግ ቀዝቃዛ አየር በሚወጣባቸው የብረት ክዳኖች ላይ ይደረድሩታል። ካሜራው የሚያየው የካቢኔቶቹን መተላለፊያ እንጂ ያችን ጥግ አይደለም። ከቀትር በኋላ ውሃው እንደ በረዶ ሆኖ ይወጣል፣ ለሠራተኞቹም ይታደላል። ይህን ለዓመታት ሲያደርጉ ማንም አላወቀም፤ የሚጠጡት ሰዎች እንኳ ድርጅቱ የሚሰጣቸው ይመስላቸው ነበር።

አየህ፣ ድሮ አዳራሹ ያለ ልክ ሲቀዘቅዝ አንድ ጥግ ቢታፈን አይታወቅም ነበር። ብክነቱ ራሱ ጥፋቱን ሸፍኖት ኖረ። እኛ ሁሉን ነገር በልኩ ስናደርገው ካርቶኖቹ የዚያን ረድፍ እስትንፋስ አፈኑት። ቢጁ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ውሃው ተነስቶ ለሰው ይታደላል፤ ረድፉም መልሶ ይበርዳል። ጋሽ ጀውሀር ይህን አያውቁም ነበር። ባወቁበት ሰዓት ግን ካርቶኑን አውጥተው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ማንም አያገኝባቸውም። ሙቀቱም ይጠፋል፣ እንጀራቸውም አይነካም። ጂኑ ሄደ ብለን እንረሳው ነበር። ሆኖም ቢጁ በሳቸው ጥፋት የበደለኛ ስም ይዞ ሊሄድ ስለሆነ ራሳቸው ተሸክመውት ገቡ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ልነግርህ አልችልም። ከነርጥብ ካርቶናቸው እዚያ ሱፍ በለበሰ ሰው ሁሉ መካከል ሲቆሙ፣ የኛ አገር ሰው ናቸው ብዬ ለመጮህ ነበር የቃጣኝ።

ሙዲሩ ባጃቸውን ተቀበላቸው። ሕጉ ሕግ ነው፣ እስኪጣራ ድረስ ቤት ይቀመጡ ተባሉ። የታየው ይህ ብቻ ነው። እሳቸው በሥራ ሰዓት ባጅ ሳያንጠለጥሉ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ ያየ አንድ ሰው ደወለ። እሱ የደወለለት ሰው ለሌላ ደወለ። ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ማሽን ተቃጥሏል፤ ገጠር ሲደርስ ሰውየው ታስረዋል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ዶሃ ራሷ ነድዳ አልቃለች ትባል ነበር። ልብ በል፣ ሳቢር፤ አንድም ማሽን አልተቃጠለም፣ አንድም ማሽን አልቆመም፣ ጋሽ ጀውሀርም የእስር ቤት ደጃፍ አልረገጡም። የተቀመጡት ማደሪያቸው ውስጥ ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ቁርአን ሲቀሩና አብረዋቸው ለሚያድሩት ልጆች ሽሮ ሲሠሩ ነው የከረሙት።

ካርቶኖቹ በተነሱ ማግስት ረድፏ በረደች፣ ማስጠንቀቂያውም ዳግመኛ አልጮኸም። ሙዲሩ ለቢጁ በጋውን ጨርስ አለው። ቢጁ ግን በዚህ ብቻ አልወጣም። ጀውሀር ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሥራ ሁሉ ዛሬ የለም፤ እሱ ከሄደ የሚቀጥለው ሰው ጥፋቱን ይደብቅብናል አለ። ሙዲሩ ተነስቶ ወጣ። በዚያ ሙቀት፣ ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ከአጥሩ ውጭ ወደተጋደሙት ሠራተኞች ሄደ። እኛ በመስታወቱ እናያለን። አንድ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ተቀብሎ ቀመሰና አፉን ሳይዘጋ ተፋው።

ሳምንቱ ሳያልቅ በአጥሩ ውጭ፣ በጥላው በኩል፣ ትልቅ ባራዳ ተተከለ። ባራዳ የሚሉት የውሃ ማቀዝቀዣውን ነው፤ እዚህ አገር መስጊድና ትልልቅ ቤት ደጃፍ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ይቀመጣል። በላዩ የፀሐይ ብርሃን ወደ መብራት የሚቀይር ሰሌዳ አለበት፤ ያው ሲያቃጥላቸው የነበረው ፀሐይ አሁን ውሃቸውን ያቀዘቅዛል። ጋሽ ጀውሀርም ተጠርተው ባጃቸው ተመለሰላቸው። እንዳልዋሽህ፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ተሰጥቷቸዋል፤ ይገባኛል ብለው ፈረሙበት። ያለ እሱ ባጁን ቢሰጡኝ ቅር ይለኝ ነበር ብለውኛል፤ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

አሁን ደግሞ እኛን አላስቆም አላስቀምጥ ብለውናል። የአዳራሹ ወለል በሳቸው ኃላፊነት ስር ሆኗል፤ የአየር መውጫው ላይ ጥላ እንኳ እንዲያርፍ አይፈልጉም። ቢጁ አንድ ቀን ቦርሳውን ክዳኑ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ‹ያላ ኢንጂነር፣ ይሄ መንገድ ነው፣ አየር ይለፍበት› ብለው አስነሱት። እሱም እየሳቀ አነሳ። እኔንማ ተወው፤ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር እንኳ ይቆጡኛል።

በጋው አለፈ፣ ወንድምዓለም። አዳራሻችን ያን ሁሉ ወላፈን ያለ አንድ ጉዳት ተሻገረው። ለማቀዝቀዣ ይወጣ ከነበረው መብራት ከሦስት አንድ እጁን ገደማ ቆጥበናል። ባለፈው ሳምንት ከደንበኞቹ የመጡ ሰዎች አዳራሹን ጎበኙ። ቢጁ ሥራውን ሲያስረዳ እኔን ወደፊት ጠርቶ፣ ባዶ ቦታዎቹን የደፈነችው፣ የተረሱትን ማሽኖች አንድ በአንድ ያፈላለገችው እሷ ናት አለ። ከዚያ ጋሽ ጀውሀርን ጠራ። ይህ ሥራ የዳነው በዚህ ሰው ሐቅ ነው አለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ጀውሀር ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ወለሉን ያዩ ነበር፤ እኔ እንባዬን በሻርፔ ጠረግሁ። ከመጪው ወር ጀምሮ የሁለተኛው አዳራሽ ሥራ ለኔ ተሰጥቷል፤ በስሬ የሚሠሩ ሰዎችም ይኖራሉ። ሰው ቤት ሳለሁ ማንም የማይቀመጥበትን የእንግዳ ክፍል ማቀዝቀዣ እያጠፋሁ ማዳም ስትቆጣኝ የኖርኩት ሴት፣ ዛሬ በዚያው ነገር የምከበር ሆኛለሁ። ኩራ ብዬሃለሁ፤ እኔ ኮርቻለሁ።

አንተም ወፍጮህን ባዶውን አታስዙረው። የሞተሩን የአየር መግቢያ ዱቄት ሲዘጋው ይግላል፤ እኔ እዚህ ሆኜ ስለሱ አስባለሁ። ጆንያም አትደግፍበት። ይህን ስታነብ አንዱን ጆንያ ከዚያ እንደምታነሳ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋሽ ጀውሀር ለምን ራሳቸው ደውለው አላስረዱም ትል ይሆናል። ደውለዋል፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብለዋል። ሰው ደግሞ ሌላ ምን ሊል ኖሯል ብሎ አላመነም። ከዚያ በላይ እንዲናገሩ ብለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ። ነገሩን ለማስረዳት ስለ ውሃው ማውራት ሊኖርባቸው ነው፤ ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን ውሃ በአደባባይ አልቸረችረውም አሉኝ። ልጅዎ ላይ የደረሰውንስ አልኳቸው። ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። እንግዲያው ስለ ጥፋቴ ጻፊ፣ ስለ ውሃው ግን ተይው አሉ። ያለ ውሃው ጥፋታቸው እንዴት ይጻፋል? ሁለቱንም ጽፌዋለሁ። ሲሰሙ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ።

ያንተ ድርሻ ይህ ነው። በገበያ ቀን፣ ሰው እህሉን ይዞ ተራ ሲጠብቅ፣ ወፍጮውን አጥፋና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብበው። በሹክሹክታ የጠፋ ስም በሹክሹክታ አይመለስም። የልጅቷን እጅ ሊጠይቁ የነበሩት ሰዎችም የሚያስፈጩት አንተ ጋ ነው፤ ከፊት አስቀምጣቸው። ወፍጮው ቆመ ብሎ የሚያጉረመርም ካለ፣ እህቴ መብራት ቆጥብ ብላኛለች በለው። ለኛ ብለህ ነገሩን እንዳታጋንነው ደግሞ አደራ፤ የጨመርከው አንዲት ቃል እንዳትኖር፣ የተጻፈውን ብቻ አንብብ።

ለእማ እጇን ሳምልኝ፤ ዓይኗን ለማሳየት ደሴ ስትሄድ አብረሃት ሂድ። ለአሚና ፍሪጅ ጠባቂዋ ሰላም ትልሻለች በላት፤ የጠየቀችኝን ሻርፕ ከኮከብ ትቀበል። ትልቁን ልጅህን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገርልኝ፤ ትንሹን በድዱ ከመንከሱ በፊት ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ተራ ለሚጠብቁት ጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ለእትዬ ዘይነባ ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄደህ፣ ከሰው ፊት ከማንበብህ በፊት፣ ለብቻቸው አንብብላቸው። ጋሽ ጀውሀርን ምን ልበልልዎት ብላቸው መጀመሪያ ሰላም በያት ብቻ አሉኝ። ወረቀቱን ላጥፍ ስል መልሰው ጠሩኝ። ‹ለልጄ ሽማግሌ የመጣ እንደሆነ በሩን ትክፈትላቸው። ግን ያጠፋሁትን ሰምተው ይምጡ፤ ደብቄ ልጅ አልድርም በያት› አሉ።

እህትህ ሩሚያ

ዶሃ፣ አል ቱማማ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.